ዓሣ ነባሪው እግር ነበረው

መስከረም 20

ይድረስ፣ አገር ቢያራርቀንም ከልቤ ደጃፍ ለማትርቀው ለእህቴ ልጅ፣ ለደወሌ፤

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ፣ ሥራሽስ፣ እንቅልፍሽስ? የሚጠብቅሽ አይተኛ፤ የምትረግጪው መሬት ሁሉ ይደላደልልሽ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ከአንድ እግር በስተቀር።

ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ ቁጭ በይና አንብቢው። ባለፈው ሐምሌ ግራ እግሬን ከጉልበቴ በታች ቆረጡት። ስኳሬን ታውቂው የለ? አውራ ጣቴ ላይ አንዲት ቁስል ወጣች። ጫማ ልጦኝ ነው ብዬ ናቅኋት፤ እሷ ግን እኔን አልናቀችኝም። ሐኪሙ ገና ልጅ እግር ነው (አፌ የሚያመጣልኝን ቃል ተመልከቺ!)፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ «አባቴ፣ ወይ እግርዎን ወይ እርስዎን ነው» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የከባድ መኪና ፍሪሲዮን ሲረግጥ የኖረ እግር ነው። አመስግኜ ሸኘሁት።

ሳልነግርሽ የቀረሁት ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። ኋላ ግን ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊው ሱቅ ደውዬ ነበር። ሁለቴም አከራይሽ መሰለችኝ፣ አንዲት ሴትዮ በማላውቀው ቋንቋ ወረደችብኝ። ምን ሆነሽ ነው ስልክ የማታነሺው? ድምፅሽን ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል እኮ።

ገንዘብ እንዳትልኪ፤ ጡረታዬ ለአንድ እግር ካልሲ ይበቃል። የምፈልገው ክራንች ሥር የምትገባዋን ጎማ ነው። እዚህ የሚሸጠው እንደ ሳሙና ያልቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የሥራ ባልደረቦቼ አዋጥተው ቴሌቪዥን ገዙልኝ። እኔ ቴሌቪዥን የማውቀው በየመንገዱ ምግብ ቤት ከጀርባዬ ሲጮህ ነው፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ተፋጠን እንውላለን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ስለ ባሕር አንድ ፊልም ይመጣል። ተራኪው የሚያወራው በውጭ ቋንቋ ስለሆነ አንድም ቃል አይገባኝም። ባለፈው ቅዳሜ ምን አየሁ መሰለሽ? አንድ ሽበታም ሰው መጋዘን በሚያህል አዳራሽ ውስጥ፣ የዓሣ ነባሪ አጽም ሥር ቆሟል። የጎድን አጥንቱ የጣራ ማገር ነው የሚመስለው። ሰውዬው አጽሙን ተከትሎ ወደ ጅራቱ ሲሄድ ሲሄድ፣ ከሌላው አጥንት ጋር ያልተያያዘች፣ ብቻዋን በሽቦ የተንጠለጠለች፣ ክንድ የማትሞላ አጥንት ጋ ደረሰ። ያዛትና የራሱን ጭን መታ መታ አደረገ። ከዚያ ወደኛ ዞሮ ዝም አለ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ።

ምን አለ ሰውዬው? አጥንቷን ይዞ ለምን ጭኑን መታ? ልጄ፣ እግሬ ከተቆረጠ ወዲህ እግሬን የረሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ሳሰላስል ከረምሁ። አንቺ የሰዎቹን ቋንቋ ታውቂያለሽ። እባክሽ አጣርተሽ ጻፊልኝ።

አጎትሽ

---

ጥቅምት 27

ይድረስ፣ አባትም እናትም ሆነው ላሳደጉኝ አጎቴ፤

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይውጡ፤ የቀረው እግርዎ ለሁለት ይበርታልዎ።

«ከአንድ እግር በስተቀር» የምትለው መስመር ላይ ስደርስ ሳቅሁ፤ እንዳሉት ቀልድ መስሎኝ። ደረጃ እየወጣሁ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ። ሰዎች በጎኔ ሲወጡ ሲወርዱ እኔ ደብዳቤዎን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። ሳይነግሩኝ በመቅረትዎ ልቆጣ ነበር፤ ግን ተውሁት።

የስልኩ ነገር እንዲህ ነው፤ አከራዬ ሰው ጠርታ ማገናኘት አትወድም። እኔም የመናኸሪያውን ሥራ ትቻለሁ። አሁን የምሠራው በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሰዎች አንብበው የመለሱትን መጽሐፍ በጋሪ እየገፋሁ ወደየመደርደሪያው እመልሳለሁ። ሰዓቱ ለስልክ አይመችም። ይቅር ይበሉኝ።

የእርስዎን ዓሣ ነባሪ ሦስት ቀን ፈለግሁት። ለባልደረባዬ በወረቀት ጽፌ ብሰጠው እሱም አላገኘውም። በአራተኛው ቀን ምድር ቤት የተመለሱ መጻሕፍት ከሚወርዱበት ሣጥን ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሳነሣ፣ ሽፋኑ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ከጎድን አጥንቶች ሥር ቆሞ አየሁት። የፊልሙ መጽሐፍ ነው! ፊልሙ እዚህ ከታየ ዓመታት አልፈውታል፤ እያንዳንዱ ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ተቀምጧል። ሰውዬው ያለውን ይኸው ገልብጬልዎታለሁ፤

«ይህች የዳሌ አጥንት ናት። ዓሣ ነባሪ የሚራመድበት እግር የለውም፤ ታዲያ ዳሌ ምን ያደርግለታል? የዚህ ግዙፍ ፍጥረት የሩቅ አያቶች በደረቅ መሬት ላይ በአራት እግር ይሄዱ ነበር። ዓሣ ነባሪው እግር ነበረው።»

ጭኑን መታ አድርጎ ዝም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ይላል መጽሐፉ። ትንሽ በትንሽ ወደ ውኃው ገቡ፤ የፊት እግራቸው መቅዘፊያ ሆነ፣ የኋላው እያነሰ እያነሰ ሥጋቸው ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። እስከ ዛሬ አለ። ባሕሩን የሚያናውጠው ያ ሁሉ አካል፣ ይራመድበት የነበረውን ነገር ማስታወሻ በሆዱ ይዞ ይዋኛል። ይህን ያነበብኩት ቆሜ፣ አንድ እጄ ጋሪው ላይ እንዳለ ነው። ቀና ስል ሰዓቱ አልፎ የምድር ቤቱ መብራት በግማሽ ጠፍቷል። አጎቴ፣ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ነገር እንዲህ አፌን አስከፍቶኝ አያውቅም።

የክራንች ጎማ አራት ልኬያለሁ። የሚቀጥለውን ምዕራፍም እየገለበጥሁ ነው።

የእህትዎ ልጅ

---

ኅዳር 24

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፤

ዘመንሽ ይለምልም፤ የጻፈች እጅሽን ቁርጥማት አይንካት!

ደብዳቤሽን ለብቻዬ አንብቤ መቀመጥ አቃተኝ። መስኮቱን ከፍቼ ልብስ ሰፊውን ጠራሁት። ልብስ አጣቢዋም ጎረቤታችን ከገንዳዋ ላይ ተነሥታ፣ ከነአረፋ እጇ መጣች። ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። «ዓሣ ነባሪው እግር ነበረው» ስል ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አወረደ። ልብስ አጣቢዋ ግን «እሺ፣ እግሩን የት ጣለው?» አለችኝ። ሥጋው ውስጥ ደብቆታል አልኋት። የእኔን የተጠቀለለ ሱሪ አየች፤ እኔን አየች፤ «እንግዲህ አንተም ዋና ልመድ» ብላኝ ሄደች። ልጄ፣ ከሐምሌ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም። ከሳቁ በኋላ ደግሞ ራሴን ታዘብሁት። ያን ሁሉ አገር በመኪና ሳቋርጥ ኖሬ፣ ከእግሬ በታች ምን ዓይነት ዓለም እንዳለ አንድ ቀን ሳልጠይቅ!

ጎማዎቹ ደርሰዋል። እንደ አዲስ መኪና ነው የምሽከረከረው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከመናኸሪያው ለምን ወጣሽ? ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ጓደኛዬ አንቺ ባለሽበት ከተማ አልፎ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ሁለት ሰዓት አንቺን ለመስማት ብሎ ተቀምጦ፣ በድምፅ ማጉያው የምትናገረው ሌላ ሴት ሆነችበት። «ሥራውን ታውቀዋለች፣ ግን የእኛዋ አይደለችም» አለኝ። ስምንት ዓመት ሲሆንሽ ጋቢና ውስጥ ከጎኔ አስቀምጬሽ፣ የምናልፍባቸውን ከተሞች ስም አንድ በአንድ ስጠራልሽ፣ አንቺ መስኮቱን ዝቅ አድርገሽ ለመንገደኛው ሁሉ ታውጂው ነበር። ያኔ ነው ደወሌ ያልኩሽ። እንዲህ ያለ ነገር ትቶ ጋሪ መግፋት ምን ይባላል? ደመወዙ ነው? ተጣላሽ?

ሁለተኛው ልመና ነው። ልብስ ሰፊው ካሴት ማጫወቻ አለው። ምዕራፎቹን በራስሽ ድምፅ አንብበሽ በካሴት ብትልኪልኝ! የእኔ አነባበብ እንደ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ነው፤ በየመስመሩ ይንተፋተፋል። አንቺ ስታነቢው ግን ባሕሩ ራሱ ቤቴ ይገባል። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አጎትሽ

---

ታኅሣሥ 22

ይድረስ ለአጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ምዕራፍ አምስት ከዚህ ጋር ተያይዟል። ካሴቱ አይሆንልኝም፤ መቅጃ የለኝም፣ ጊዜም የለኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመናኸሪያው ነገር አልፏል፤ አያንሡብኝ።

ልብስ ሰፊውንና ልብስ አጣቢዋን ሰላም ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

---

ጥር 19

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። የጻፍሽልኝን ስድስት መስመር ደጋግሜ አነበብሁት። ቁጣ ነው ብዬ አየሁት፤ አይመስልም። ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

መጀመሪያ መልካሙን ልንገርሽ። ምዕራፍ አምስት የደረሰኝ ፊልሙ ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ዘጠኝ ሰው ቤቴ ተሰበሰበ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘጋሁትና፣ ሥዕሉ ሲሄድ እኔ ያንቺን ወረቀት ማንበብ ጀመርሁ። ሲቀድመኝ እሮጣለሁ፤ ስቀድመው መነጽሬን እጠርጋለሁ። ያ ጠፍጣፋ ዓሣ መጣ። ሲፈለፈል እንደማንኛውም ዓሣ አንድ ዓይን በግራ፣ አንድ ዓይን በቀኝ፣ ቀጥ ብሎ የሚዋኝ። ከዚያ ሳምንታት ሲያልፉ አንደኛው ዓይን ከቦታው ይነሣል! ግንባሩን አቋርጦ ወደ ሌላኛው ዓይን ጎን ይሄዳል፤ የራስ ቅሉም አብሮ ይጣመማል። ዓሣው ሚዛኑ ይጠፋበታል፣ ይንጋደዳል፣ በመጨረሻ በጎኑ አሸዋው ላይ ይተኛል። ዕድሜውን ሙሉ በጎኑ ተኝቶ፣ በሁለት ዓይኑ ሽቅብ እያየ ይኖራል። ልብስ ሰፊው ራሱን ይዞ «አሞት ነው ብዬ ነበር እኮ» አለ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ዓይኑ ሲሄድ ያየው ሰው ሁሉ የሚሞት ነው የሚመስለው። ገና መኖር መጀመሩ ነው ለካ። 

አሁን ሌላውን ልናገር። ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ ደወልሁልሽ። ተነሣ። ሴትዮዋ አይደለችም፤ ማንም አልተናገረም። ትንፋሽ ብቻ ነው የሰማሁት፤ እንደ ፉጨት ያለ። «ደወሌ» አልሁ። ትንፋሹ ፈጠነ። «ደወሌ፣ አንቺ ነሽ ወይ?» አልሁ። ሦስተኛ ስጠራ ተዘጋ።

አንቺ ነበርሽ? በእግሬ ነገር ቀድሜ ስላልነገርሁሽ ተቀይመሽኝ ከሆነ ልክ ነሽ፤ ስድቡን ጻፊልኝና ይውጣልሽ። ሌላ ነገር ከሆነ ግን እንዳትደብቂኝ። ከእንግዲህ የሚቆረጥብኝ ነገር ብዙ አልቀረም፤ እችለዋለሁ።

አጎትሽ

---

የካቲት 23

ይድረስ ለምወድዎ አጎቴ፤

አምላክ ልብዎን ያጽናልኝ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

እኔ ነበርሁ።

ድምፅ የለኝም፣ አጎቴ። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም ድምፄ መሻከር ጀመረ። መናኸሪያው ውስጥ ቀልድ ሆኖ ነበር፤ አለቃችን «ዛሬ ደግሞ አውቶቡሶቹን የሚጠራልን ወንድሟ ነው» ይል ነበር። ጉንፋን ነው ብዬ ስቄ አለፍሁት። እርስዎ ቁስሏን እንደናቋት እኔም ናቅሁት። ሐኪም ቤት ስሄድ ማንቁርቴ ላይ ዕጢ አገኙ፤ ክፉው ዓይነት። ማንቁርቴን ሙሉ በሙሉ አወጡት። አሁን የምተነፍሰው አንገቴ ላይ በተከፈተች፣ የጣት ጥፍር በምታህል ቀዳዳ ነው። ሻርፕ እለብሳለሁ። በሽታው አልተመለሰም፤ ሐኪሞቹ ደኅና ነሽ ይሉኛል። የፉጨቱ ትንፋሽ እሱ ነው።

ያን ቀን እሑድ ከቀትር በኋላ የሚደውልልኝ ሌላ ሰው ስለሌለ እርስዎ እንደሆኑ አውቄ ነው ያነሣሁት። የእርስዎን ድምፅ ልሰማ ብዬ። «ደወሌ» ሲሉኝ አፌን ከፍቼ ነበር። ከንፈሬ «አቤት» ብሏል። ከውስጥ ግን የሚመጣ የለም። ሦስተኛ ሲጠሩኝ አልቻልሁም።

አንዲት መሣሪያ ሰጥተውኛል፤ የጢም መላጫ ማሽን ትመስላለች። አንገት ላይ ሲደግፏት ትነዝርና ከንፈርና ምላስ ንዝረቱን ቃል ያደርጉታል። አንድ ቀን ብቻ ሞከርኋት፤ ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኋት። እዚህ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ የሚያውቁኝ በወረቀት ነው።

ለምን እንዳልነገርሁዎ ይጠይቁኛል። ለሰዉ ሁሉ ሲያወሩ የኖሩት ስለ ድምፄ ነው። ድምፄ ሲሄድ ምኔ እንደሚቀርልዎ አላውቅም ነበር።

ምዕራፍ አምስትን ስገለብጥ፣ ዓይኑ ከቦታው የሚነሣበት ገጽ ላይ እጄ ቆመ። የዓሣውን ሥዕል በተርታ አስቀምጠውታል፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በአሥረኛው፣ በሃያኛው። በመካከለኛው ሥዕል ላይ ዓይኑ ግንባሩ መሀል ነው፤ ከወዲያም ከወዲህም ያልሆነ። እሱን ሥዕል ሳየው ዋልሁ። ማንም እንዲህ ሆኖ ይኖራል ብሎ አያምንም። ግን ዓሣው ምንም አላጠፋም፤ ምንም አልጎደለበትም። የሚሆነውን እየሆነ ነው። እኔ የተሰበርሁ ነኝ ብዬ ነበር ሃያ ወር ሙሉ የማስበው፤ ያን ቀን ግን ምናልባት መካከለኛው ሥዕል ላይ ይሆናል ያለሁት አልሁ። ያን ቀን ልጽፍልዎ ይገባኝ ነበር። ፈርቼ ስድስት መስመር ላክሁ።

ምዕራፍ ስድስት፣ ሰባትና ስምንት ተያይዘዋል። ቃሉ ሁሉ የእኔ ነው፤ ድምፅ ብቻ ይጨምሩበት።

የእህትዎ ልጅ

---

ሚያዝያ 30

ይድረስ ለልጄ፤

የሰላምታ ቃል ጠፍቶብኝ ነው የቆየሁት፤ አሁንም ጠፍቶብኛል። ብቻ ኑሪልኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ልብስ ሰፊው ሱቅ ተቀምጬ ነው። «እኔ ነበርሁ» የሚለውን ሳነብ ምን ድምፅ እንዳወጣሁ አላውቅም፤ ልብስ ሰፊው ማሽኑን አቁሞ ተነሣ። ነገርሁት። የሱቁን በር ዘግቶ አብሮኝ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ መልስ ጽፌ በክራንቼ ፖስታ ቤት ድረስ ሄጄ ነበር፤ ሁለቴም ይዤው ተመለስሁ። አንደኛው ቁጣ ብቻ ነበር፤ ለምን ብቻሽን ተኝተሽ ተቀደድሽ የሚል። ኋላ እኔም ብቻዬን ተኝቼ እንደተቆረጥሁ አስታወስሁ። ሁለተኛው ልቅሶ ብቻ ነበር።

ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። በቅዳሜው ሰዎቹ መጥተው በሬን ቢያንኳኩ አሞኛል አልሁ። በሚቀጥለውም ጊዜ እንደዚያው። በሦስተኛው ልብስ አጣቢዋ ሳታንኳኳ ገባች። «የተቆረጠው እግርህ ነው ወይስ ጆሮህ? ሰው ደጅ ቆሟል እኮ» አለችኝ።

«ፊልሙን ሄዳችሁ በሌላ ቤት እዩ» አልኋት።

«ፊልሙን ማን ጠየቀህ? ልጅቷ ምን አለች ነው የምንለው!»

ልጄ፣ ይህን ልብ በይ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። «ዛሬስ ልጅቷ ምን አለች?» እያሉ ነው የሚገቡት። በሥዕሉ የሚናገረው ሽበታሙ ሰውዬ ለነሱ አንቺ ነሽ፤ እኔ ወረቀት ያዥ ነኝ። ያኔ ነገርኋቸው፤ ስለ ጉሮሮሽ። ሳላስፈቅድሽ በመናገሬ ተቆጪኝ። ልብስ አጣቢዋ «ታዲያ ይህን ሁሉ ያወራችን ማን ነበር?» አለች።  ወንበሯን ስባ ወደ ፊት ተቀመጠች፤ እኔም ቴሌቪዥኑን ከፈትሁ።

ያለፈው ቅዳሜ ደግሞ ስለ ጥልቁ ባሕር ነበር። ሥዕሉ እንዲጎላ መጋረጃውን ጋርደን ሃያ አራት ሰው ተጨናንቀን ተቀምጠናል። «ከሺህ ሜትር በታች የፀሐይ ብርሃን ደርሶ አያውቅም» የሚለው ጋ ስደርስ መብራት ጠፋ። ቀጥ አለ። ቴሌቪዥኑ ነጥብ ሆኖ ከሰመ። አሁን ሰዉ ይነሣል ብዬ ወረቀቱን ላጥፍ ስል፣ ከጨለማው ውስጥ አንዱ «ከዚያስ?» አለ። መጋረጃውን የጣት ስፋት ያህል ከፍቼ፣ በዚያች ጭላንጭል አነበብሁ። እዚያ ታች ያሉት ፍጥረታት ብርሃን ስለሌላቸው ራሳቸው ያበራሉ፤ አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በግንባሩ፣ አንዱ በጎኑ በተርታ እንደ አውቶቡስ መስኮት። ያንቺ ቃል ነው፤ እንደ አውቶቡስ መስኮት። የማንንም ፊት አላይም። ሃያ አራት ሰው ሲተነፍስ ብቻ እሰማለሁ። ሥዕል የለም፤ ግን ሁላችንም አየነው። አንብቤ ከጨረስሁም በኋላ ለብዙ ጊዜ መጋረጃውን የገለጠ ሰው የለም። ደንግጬ ነበር፣ ልጄ፤ ቤቴ ውስጥ ምን እንደገባ አላውቅም።

ድምፅሽ ሲሄድ ምንሽ እንደሚቀርልኝ አላውቅም ነበር ብለሻል። ይኸው ነው የቀረኝ። መልሱ ይህ ይሁን።

ሰኔ አምስት ቅዳሜ በአሥር ሰዓት እንደውልልሻለን። የልብስ ሰፊውን ስልክ ገመዱን በመስኮት አሳልፈን ወደ እኔ ቤት እናስገባዋለን። ምንም እንድትናገሪ አይደለም። መነጋገሪያውን ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን፤ አንቺ ስሚን ብቻ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ደወሌ ብዬ ልጥራሽ ወይስ ልተው? እንዳልሽኝ አደርጋለሁ።

አጎትሽ

---

ሰኔ 12

ይድረስ ለአጎቴ፤

በረከትዎ ይደርብኝ፤ ያን ቀን እዚያ ቤት የተሰበሰቡት ሁሉ ዕድሜ ይስጣቸው።

እዚያ የሆነውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እዚህ የሆነውን ልንገርዎ።

አከራዬን በወረቀት ለምኜ ስልኩን ወደ ክፍሌ አስገባሁት። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ መነጋገሪያውን በሁለት እጄ ያዝሁ። ሲደወል በመጀመሪያው አነሣሁ። ማንም «ሃሎ» አላለኝም። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ ሳል፤ አንድ ሰው «ዝም በሉ፣ ገብታለች» ሲል። ከዚያ የእርስዎ ድምፅ ማንበብ ጀመረ።

ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ምድር ቤት ውስጥ፣ በጋሪው ላይ ተደግፌ የጻፍሁት ነው። ከአንድ ሎሚ ብዙም ስለማትከብደው የባሕር ወፍ። በየዓመቱ ከዓለም ጫፍ ወደ ዓለም ጫፍ ደርሳ ስለምትመለሰው፤ በዕድሜዋ የምትበረው ሲደመር ጨረቃ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ስለሚሆነው። ወረቀት ላይ ሳለ የእኔ ነበር። በእርስዎ ድምፅ ሲመጣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማሁት ሆነ። ሳልጽፈው የተጻፈ፣ ከእኔ የሚበልጥ ነገር ሆነ።  ደግሞ ማንበቡን አቁመው «ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቼ ጨረቃ ጋ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ወፏ ግን ሦስቴ!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ሲናወጥ፣ እኔም እዚህ ሳቅሁ። ሳቄ አይሰማም፤ ትከሻዬ ብቻ ነው የሚስቀው።

ከዚያ ጸጥ አለ። ወረቀት ሲገለበጥ ሰማሁ፤ መቀጠል አቃተዎት። ጉሮሮዎን ሲጠርጉ፣ ደግሞ ሲጠርጉ። ሁሉም ይጠብቅዎ ነበር። እኔም ጠበቅሁ። መሳቢያው ከአልጋዬ አጠገብ ነው። እጄ መሣሪያዋን ሲያወጣ አየሁት፤ እኔ ያዘዝሁት አይመስለኝም። ሻርፔን ገለጥ አድርጌ አንገቴ ላይ ደገፍኋት።

«ይቀጥሉ» አልሁ።

ያ ወፍጮ ድምፅ በመነጋገሪያው ሲሄድ ተከታተልሁት። እዚያ ወንበር ላይ፣ በመካከላችሁ ሲወጣ። ዝምታው ረዘመ። ደነገጡ፣ አስፈራኋቸው ብዬ ልዘጋው ስል ልብስ አጣቢዋን ሰማኋት።

«ልጅቷ ምን አለች?»

እርስዎም «ይቀጥሉ አለች» አሏት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቀጥል!»

ቀጠሉ። እኔም እስከ መጨረሻው ሰማሁ።

ልጅዎ፣ ደወሌ